በሽቦ አጥር ላይ ለሚሰቀል የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ የሚሆን ጓጉንቸር

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም በተመረቀው የአዲስ አበባ - ጅቡቲ የባቡር መስመር፣ በፉሪ ለቡ ጣቢያ፣ ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ኃይል ያስተላልፋል። በእንዲህ ዓይነት ስፍራ አጥር ላይ የተሰቀለ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ መውደቁ የሰው ሕይወት ሊያስጠፋ ይችላል።

በቀጭን ሽቦ የታሰረ ሰሌዳ ማሰሪያው ሲዝግ ይገለበጣል፤ ማንም አላፊ አግዳሚም በእጁ ሊፈታው ይችላል። በጓጉንቸር መስቀል አንዱ መፍትሔ ነው። ይሁን እንጂ ለበር የተሠራ ጓጉንቸር ሁሉ ለአጥር አይስማማም።

የጓጉንቸሩ ቀለበት በሰሌዳው ቀዳዳና በአጥሩ ዓይን በኩል የሚያልፍ ሆኖ መሠራት ይኖርበታል። ከሚገባው በላይ ከረዘመ ነፋስ ሰሌዳውን እያወዛወዘ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። በአንድ ጓጉንቸር ብቻ የተንጠለጠለ ሰሌዳ ስለሚዘም በሁለቱም የላይኛው ማዕዘን መቆለፍ ያስፈልጋል። የክረምት ዝናብ ውስጡን እንዳያዝገው ከሥሩ ውኃ ማፍሰሻ፣ በቁልፍ ማስገቢያው ላይም ክዳን ሊኖረው ይገባል።

ቀለበቱን ከልክ በላይ ማወፈር ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሰሌዳውን ሊወስድ የመጣ ሰው ጓጉንቸሩን ትቶ የአጥሩን ሽቦ ይቆርጣል። የጓጉንቸሩ ዋና ጥቅም ሰሌዳውን ማንሳት የሚችለው ኃላፊነቱ የተሰጠው ሠራተኛ ብቻ እንዲሆን ማድረጉ ነው።

ስለሆነም ለግዥ የሚወጣው ዝርዝር መግለጫ በአንድ የጥገና ክልል ያሉ ጓጉንቸሮች በአንድ ዓይነት ቁልፍ የሚከፈቱና ቁጥር የተቀረጸባቸው እንዲሆኑ ቢጠይቅ፣ ቁልፉን የተረከበውም ሠራተኛ በመዝገብ ቢሰፍር ለቁጥጥር ያመቻል።