አዲስ ቦይለር፣ ግዴለሽ እጅ

አዲስ አበባ ውስጥ ቦይለር ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፣ በኤሌክትሪክ ውሃ የሚያሞቀው በርሜል ነው። ለንደን ወይም ሊድስ የከተመ ሐበሻ በመጀመሪያው ክረምቱ የሚተዋወቀው ግን ሌላ ፍጡር ነው። ብዙ ጊዜ ኩሽና ውስጥ፣ ከሳህን መደርደሪያው ጎን ተሰቅሎ ይገኛል፤ ነጭ ሣጥን ነው። ጋዝ ያቃጥላል፣ ለገላ የሚሆን ውሃ ያሞቃል፣ በየክፍሉ መስኮት ሥር ወደተተከሉት ራዲያተሮችም ትኩስ ውሃ ይገፋል። ብሪታንያ ውስጥ ከ20 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ክረምቱን የሚያልፉት በዚህ ሣጥን ነው።

ዛሬ በብዛት የሚገጠመው ኮምቢ የሚባለው ዓይነት ነው። ውሃ የሚያጠራቅም ጋን የለውም። አንድ ሰው የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ሲከፍት ማሽኑ የውሃውን እንቅስቃሴ ያውቅና እሳቱን ይለኩሳል፤ ውስጡ ያለች አቅጣጫ ቀያሪ ቫልቭ ሙቀቱን ከራዲያተሮቹ ነጥቃ ወደ ቧንቧው ውሃ ታዞራለች። ቧንቧው ሲዘጋ ወደ ራዲያተሮቹ ትመልሰዋለች። ሰው ገላውን ሲታጠብ ሳሎኑ ለጥቂት ደቂቃ ሙቀት የማያገኘው ለዚህ ነው፤ ብልሽት አይደለም።

ከ2005 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶችም እንዲሁ) ጀምሮ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የሚገጠም የጋዝ ቦይለር፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከጭሱ ውስጥ እንኳ ሙቀት የሚለቅም መሆን አለበት። የድሮው ማሽን ትኩስ ጭሱን እንዳለ ወደ ውጭ ይተፋ ነበር። አዲሱ ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፤ በጭሱ ውስጥ ያለው እንፋሎት ወደ ውሃነት ሲለወጥ የሚለቀው ሙቀት ተመልሶ ቤቱን ያሞቃል። ይህ የሚሆነው ግን ከራዲያተሮቹ የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ነው። ብዙ ባለሙያ ቦይለሩን ገጥሞ፣ የሙቀት መጠኑን 75 ወይም 80 ላይ እንዳለ ትቶት ይሄዳል። ቤቱ ይሞቃል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል፤ በማስታወቂያው ላይ የተጻፈለት ቁጠባ ግን በጭስ መውጫው በኩል በየቀኑ ይወጣል። በኮምቢ ላይ የራዲያተሩን ውሃ ወደ 60 ዲግሪ ማውረድ አንዲት ቁልፍ የማዞር ጉዳይ ነበር።

እንዲህ ያለው ግዴለሽነት ከሁሉም ቀላሉ ነው። ቦይለር ከፋብሪካ የሚወጣው ተፈትሾ ነው። ከነሥራው ከ2,000 ፓውንድ በላይ የሚጠይቀው ይህ ዕቃ በስድስት ወሩ ሲያንገራግር፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከሣጥኑ ውጭ፣ በአንድ ቀን ጥድፊያ በተሠራው ሥራ ላይ ነው። ደግነቱ፣ የዚህ ጥድፊያ ምልክት ነጩን ሽፋን ሳይከፍቱም ይታያል። ሽፋኑን መክፈትማ ለባለቤቱ አይፈቀድም፤ በአብዛኛው ማሽን ላይ ሽፋኑ ራሱ የጋዙን ጭስ ከቤት የሚያግድ ማሸጊያ ነው።

ከግድግዳ ወጥታ ወደ ፍሳሽ የምትወርደውን ነጭ ፕላስቲክ ቧንቧ እንውሰድ። ከጭሱ የተለቀመው ውሃ የሚወጣው በእሷ ነው፤ በሰዓት እስከ ሁለት ሊትር ሊደርስ ይችላል። ውሃው በመጠኑ አሲድነት ስላለው መዳብ ይበላል፤ ቧንቧው ፕላስቲክ የሆነው ለዚያ ነው። በየአንድ ሜትሩ ቢያንስ 45 ሚሊሜትር ማዘቅዘቅ አለበት። ከቤት ውጭ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ አጭር፣ 32 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውና ብርድ በሚከላከል ስፖንጅ የተጠቀለለ እንዲሆን ይጠበቃል። ቸኳይ ሠራተኛ በእጁ ያለችውን ቀጭን ቧንቧ ግድግዳውን አስታክኮ አግድም ይዘረጋትና ይሄዳል። በጋውን ሙሉ ምንም አይሰማም። በታኅሣሥ 2010 ብሪታንያን ከባድ ውርጭ ሲመታት ግን በየሰፈሩ ቦይለሮች እየተንቦቀቦቁ ቀጥ አሉ። የተበላሸ ማሽን አልነበረም፤ ቀጭኗ ቧንቧ ውስጥ የተኛው ውሃ በረዶ ሆኖ መውጫውን ደፍኖት ነበር። ብዙ ቤተሰብ ለጥገና ቀናት ጠብቆ፣ በመጨረሻ መፍትሔው ለብ ያለ ውሃ (የፈላ አይደለም) ቧንቧው ላይ ማፍሰስ ሆኖ አገኘው። የኋላ ኋላ የመግጠሚያ መመሪያዎቹ የጠበቁት ከዚያ ክረምት ትምህርት ተወስዶ ነው።

ሁለተኛው ምልክት የጋዝ ቧንቧው ነው። የድሮው ቦይለር በ15 ሚሊሜትር ቧንቧ ይረካ ይሆናል፤ አዲሱ ኮምቢ ውሃ በቅጽበት ማሞቅ ስላለበት ባንድ ጊዜ ብዙ ጋዝ ይስባል። ከቆጣሪው ርቆ የተሰቀለ ከሆነ አብዛኛውን መንገድ 22 ሚሊሜትር ሊፈልግ ይችላል። ከቆጣሪው የሚወጣው ጋዝ ግፊት 21 ሚሊባር አካባቢ ሲሆን፣ ቦይለሩ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በመንገድ ላይ ከአንድ ሚሊባር በላይ መጥፋት የለበትም። ይህን የሚያውቀው የለካ ብቻ ነው። ያልለካው የድሮውን ቧንቧ ከአዲሱ ማሽን ጋር ያገናኝና ሻወሩ ለብ ሲል ጥፋቱን በውሃ መሥሪያ ቤቱ ላይ ያላክካል።

የጥቁር ውሃው ነገር ደግሞ አለ። ለሃያ ዓመት በብረት ራዲያተሮች ውስጥ ሲዞር የኖረ ውሃ ዝገት ይሸከማል፤ ታች የሚዘቅጠውም ጥቁር፣ በማግኔት የሚሳብ ጭቃ ነው። አዲስ ቦይለር ከዚህ ጋር ሳይታጠብ ከተገናኘ፣ ጭቃው ጠባቡን የሙቀት መለዋወጫ ይደፍነዋል፤ ፓምፑንም ይበላዋል። በ2019 የታደሰው የብሪታንያ ደረጃ መስመሩ እንዲታጠብ፣ ዝገት ተከላካይ መድኃኒት እንዲጨመርና ማግኔት ያለው ማጣሪያ እንዲገጠም ይጠይቃል። ማጣሪያው ከቦይለሩ ሥር የምትንጠለጠል፣ ኩባያ የምታህል ጥቁር ወይም ነሐስማ ዕቃ ናት። አለች ወይስ የለችም? ለማየት ሙያ አያስፈልግም። የራዲያተሩ አየር ማስወጫ ሲከፈት ቀለም የመሰለ ጥቁር ውሃ ነጭ ሶፍት ላይ ከፈሰሰ ደግሞ «አጥበነዋል» የሚለው ቃል ከደረሰኙ ላይ ተሰርዞ ሊነበብ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ጭስ መውጫው ነው። በደንብ ያልተቃጠለ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ጋዝ ያውቀዋል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በተቀመጠ ከሰል ስንት ሰው ተኝቶ እንደቀረ ተሰምቷል። ሽታም ቀለምም የለውም። በጥቅምት 2006 ኮርፉ በምትባለው የግሪክ ደሴት ለዕረፍት የሄዱ ሁለት ብሪታንያውያን ሕፃናት በሆቴል መኝታቸው እንደተኙ ቀሩ። ቦይለሩ የተቀመጠው ከክፍላቸው ግድግዳ ጀርባ፣ በአንዲት ጎጆ ውስጥ ነበር። ምርመራው ሁለት ነገር አገኘ። አደጋ ሲመጣ ማሽኑን የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ በሽቦ ተዘልሎ ነበር፤ ለአየር ማቀዝቀዣ ቧንቧ ተብሎ ግድግዳው ላይ የተነደለው ቀዳዳም በደንብ አልተደፈነም። ጋዙ የገባው በእሱ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከጥቅምት 1 ቀን 2022 ጀምሮ አዲስ ቦይለር ሲገጠም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ አብሮ መገጠም አለበት። ማንቂያ ሳያስቀምጥ የሄደ ሠራተኛ ሌላም የዘለለው ነገር ይኖራል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ብሪታንያ ይህን ሥራ ለማንም እንዳይሰጥ ያደረጋት ሌላ አደጋ ነው። በግንቦት 16 ቀን 1968 ማለዳ፣ ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ሮናን ፖይንት በሚባል ባለ 22 ፎቅ ሕንፃ 18ኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ሴት ሻይ ልትጥድ ክብሪት ጫረች። ሌሊቱን ያመለጠ ጋዝ ክፍሉን ሞልቶት ኖሮ ፈነዳ፤ የሕንፃው አንድ ማዕዘን ከላይ እስከ ታች ተደረመሰ። አራት ሰዎች ሞቱ። ክብሪቱን የጫረችው ሴት ተረፈች። ሕንፃው ሰው ከገባበት ገና ሁለት ወሩ ነበር። መርማሪዎቹ የፍንዳታውን መነሻ ሲፈልጉ የደረሱት ምድጃውን ከጋዝ መስመሩ ጋር በሚያገናኝ፣ ከደረጃ በታች በሆነ አንድ የነሐስ ዳዶ ላይ ነው። ሕንፃው በአንድ ፍንዳታ መናዱ የራሱ የግንባታ ታሪክ አለው፤ ዳዶው ግን የጋዝ ሠራተኞችን መዝገብ ወለደ። በ1970 ኮርጊ የሚባል ድርጅት የጋዝ ሠራተኞችን መመዝገብ ጀመረ፤ በ1991 ምዝገባው ግዴታ ሆነ። ሚያዝያ 1 ቀን 2009 ኮርጊ ቦታውን ጋዝ ሴፍ ሬጂስተር ለሚባለው መዝገብ ለቀቀ።

ዛሬ በዚህ መዝገብ ላይ የሌለ ሰው ለክፍያ የጋዝ ቦይለር ቢገጥም ሕግ ጥሷል። እያንዳንዱ ባለሙያ ፎቶውና የፈቃድ ቁጥሩ ያለበት መታወቂያ ይይዛል። ብዙ ሰው የፊቱን ብቻ አይቶ ይመልሳል፤ ቁም ነገሩ ከጀርባው ነው፤ ሰውየው የትኛውን ሥራ እንዲሠራ እንደተፈቀደለት እዚያ ተዘርዝሯል። ምድጃ እንዲገጥም የተፈቀደለት ሁሉ ቦይለር አይገጥምም። «የአገሬ ልጅ ነው፣ በቅናሽ ይሠራልኛል» የሚለው መተማመን ከዚህ ካርድ ጋር ካልሄደ ውድ ነው፤ ኋላ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ሁሉ የሚያያዘው ከቁጥሩ ጋር ነውና።

ሥራው አልቆ ሠራተኛው ሲወጣ ባለቤቱ ሁለት ወረቀት መጠበቅ አለበት። አንደኛው ብዙውን ጊዜ በቦይለሩ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ያለው ቤንችማርክ የሚባል ቅጽ ነው፤ የጋዙ ግፊት፣ የውሃው ሙቀት፣ የጭሱ ልኬት፣ የታጠበበት መድኃኒት ስም ሁሉ ይሞላበታል። ባዶ ገጽ የተወ ሰው ወይ አልለካም ወይ መጻፍ አልፈለገም፤ ሁለቱም አይበጁም። አምራቹ ለዓመታት የሚሰጠው ዋስትናም በዚህ ገጽና በየዓመቱ በሚደረግ ሰርቪስ ላይ ይንጠለጠላል። ሁለተኛው ከቀናት በኋላ በፖስታ የሚደርስ የግንባታ ደንብ ማረጋገጫ ነው። ሠራተኛው ሥራውን በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ስላለበት፣ ወረቀቱ ካልመጣ አላሳወቀም ማለት ሊሆን ይችላል። ቤቱ የሚሸጥ ዕለት የገዢው ጠበቃ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ጥፋት ሲገኝ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሩን ነው። ጋዝ ሴፍ ሬጂስተር አቤቱታ ሲቀርብለት መርማሪ በነፃ ሊልክ ይችላል፤ አደገኛ ነገር ካገኘ ሠራተኛው መጥቶ እንዲያስተካክል ያዛል። ኃላፊነቱ ግን የጋዝ ደኅንነት ብቻ ነው። የፎቁ ራዲያተር አልሞቀም፣ ግድግዳዬ ተቦድሶ ቀረ፣ ሂሳቡ ከተነገረኝ በለጠ የሚሉ ቅሬታዎች እሱን አይመለከቱትም። መርማሪው ጋዙን ደኅና ነው ብሎ ሲሄድ የሚቆጣ ባለቤት አይጠፋም፤ መርማሪው ግን የመጣበትን ጨርሷል።

ለነዚህ ቅሬታዎች ያለው የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ነው። ሕጉ ማንኛውም አገልግሎት በተገቢ ጥንቃቄና ሙያ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ካልሆነ ሠራተኛው ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ በቂ በሆነ ጊዜ ውስጥ ደግሞ መሥራት አለበት፤ ያ ካልተቻለ ወይም ካልተደረገ ደንበኛው ከዋጋው ላይ ቅናሽ ይጠይቃል፤ እንደ ጥፋቱ ክብደት ቅናሹ ሙሉ ዋጋውን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤ የሚጻፈው ለሠራተኛው ነው፤ በስልክ ከመጨቃጨቅ የሚተርፍ ነገር የለም። ቀኑ፣ ፎቶው፣ የቧንቧው ስፋት፣ ባዶው የቤንችማርክ ገጽ፣ መልስ የሚጠበቅበት ቀን፤ ይኸው ይበቃል። በቀላል ጉዳይ 14 ቀን መስጠት የተለመደ ነው።

በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው አንድ ተጨማሪ መውጫ አለው። በ1974ቱ የብድር ሕግ 75ኛ ክፍል መሠረት ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይና ከ30,000 ያልበለጠ ከሆነ፣ ካርዱን የሰጠው ባንክ ከሠራተኛው ጋር እኩል ተጠያቂ ነው፤ በካርዱ የተከፈለው ቀብዱ ብቻ ቢሆንም እንኳ። ድርጅቱ ተዘግቶ ስልኩ የማይነሳ ሲሆን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጥሬ ገንዘብ በእጁ ያስጨበጠ ግን የሚቀረው ፍርድ ቤት ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ እስከ 10,000 ፓውንድ የሚደርስ ክስ ያለ ጠበቃ በትንንሽ ክሶች ችሎት ይታያል፤ ውሉ ከተጣሰበት ቀን ጀምሮ ስድስት ዓመት ጊዜ አለ።

ተከራይ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ሠራተኛውን ማሳደድ ያለበት ያከራየው ሰው ነው፤ በየ12 ወሩ የጋዝ ምርመራ አስደርጎ የውጤቱን ወረቀት በ28 ቀን ውስጥ ለተከራዩ የመስጠት ግዴታም አለበት።

በመካከሉ የሚመጣው ትልቁ ፈተና ብርዱ ነው። ጥር ላይ ልጆች በካፖርት ተኝተው ሳለ ሌላ ባለሙያ ጠርቶ ማስጠገን ያጓጓል። ጋዝ ከሸተተ ወይም ማንቂያው ከጮኸ ማመንታት የለም፤ መብራት ሳይነካ መስኮት ይከፈታል፣ ጋዙ ከቆጣሪው ይዘጋል፣ ከቤት ይወጣል፣ 0800 111 999 ይደወላል። አደጋ ከሌለ ግን ሁለተኛው ባለሙያ መጀመሪያ የሚከፈለው አይቶ እንዲጽፍ ነው። ምን እንዳገኘ፣ የትኛው ደረጃ እንደተጣሰ፣ ለማስተካከል ስንት እንደሚፈጅ ፈርሞ ይሰጣል። ቧንቧው ከተቀየረና ጥቁሩ ውሃ ከፈሰሰ በኋላ የመጀመሪያው ሠራተኛ «ደኅና ነበር፣ ያበላሸው እሱ ነው» ቢል፣ ዳኛው ፊት የሚቀርብ የቀድሞ ሥራ አይኖርም።