ላት የሌለው የመተማ በግ

ከደጋ ወደ መተማ የወረደ እንግዳ በቆላው በግ ይገረማል፤ ጭራው ቀጭንና ረጅም እንጂ ላት የለውም። ይህ የጉሙዝ በግ ነው። ሰሎሞን ግዛውና ባልደረቦቻቸው በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት የዘረመል ጥናት ከተመረመሩት 14 አገር በቀል የበግ ዓይነቶች መካከል ቀጭን ጭራ ያለው እርሱ ብቻ ነበር።

ጥቂት በጎችን በጓሮው የሚያረባ ቤተሰብ ግን አንድ ስውር አደጋ አለበት። አውራው በመንጋው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከቆየ የገዛ ልጆቹን ያጠቃል። ከዚህ በሚወለደው ግልገል፣ በአማካይ 25 በመቶ የሚሆኑት የዘረመል ጥንዶች የአንድ ቅድመ አያት ቅጂዎች ይሆናሉ፤ ተሸፍኖ የኖረ ጎጂ ባሕርይም ሊገለጥ ይችላል።

መፍትሔው ሴት ግልገሎቹ ለጥቃት ሳይደርሱ አውራውን ከጎረቤት መንጋ ጋር መለዋወጥ ነው። ተለዋጩ ባለላት የደጋ በግ ከሆነ ግን ሙቀት የለመደው ዘር ይበረዛል። ስለዚህ አውራው ከሌላ መንጋ፣ ዘሩ ግን ከዚያው ከቆላው ይሁን እንላለን።