መቶ ሜትር በስንት ሰከንድ?

ባለፈው ክረምት አያቴን ልጠይቅ ደብረ ወርቅ ሄጄ ነበር። በቢቸናና በሞጣ መካከል ያለችውን ይህችን ጥንታዊ ከተማ የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ ለማታውቋት ደግሞ የምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ የደብረ ወርቅ ማርያም አገር ናት ልበላችሁ። በአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ ጎራዴ ተሰቅሏል። የአፎቱ ቆዳ ተሰነጣጥቋል፤ እጀታውም ላልቷል። የአያቴ አባት፣ ማለትም የቅድመ አያቴ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት የ16 ዓመቱ የአጎቴ ልጅ ወንበር ላይ ቆሞ ጎራዴውን አወረደና ጓሮ ሄዶ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ። ስልኩን ግንድ ላይ አስደግፏል፤ ሽለላ ከፍቷል፤ ጎራዴውን እየወዘወዘ ወዲህ ወዲያ ይላል። ሲጨርስ የቀረጸውን እያየ ጠየቀኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ግን ጠመንጃ እያለ ለምን በጎራዴ ይዋጉ ነበር? ሞኞች ነበሩ እንዴ?»

አያቴ ከምድጃው አጠገብ ሆነው ሰምተዋል። ቀና ብለው አዩትና ወደ ቡናቸው ተመለሱ። እኔ ግን ጥያቄው ከነከነኝ። ልጁ ለመሳደብ ብሎ አይደለም የጠየቀው፤ እውነቱን ነው። ፊልም ላይ ያየው ጠመንጃ ምላጩ በተሳበ ቁጥር ይተኩሳል። እንደዚያ ዓይነት መሣሪያ ፊት ጎራዴ መዞ የሚሮጥ ሰው ለእሱ ሞኝ ነው።

«ና ውጣ» አልኩት። ከቤቱ በታች ካለው መስክ ላይ መቶ ሜትር ያህል በእርምጃ ለካሁ። «የስልክህን ሰዓት ክፈትና ሩጥ።» ጭቃ ነበር፤ ጂንስ ለብሷል። 17 ሰከንድ ፈጀበት።

እንግዲህ ሙሉ ታሪኩ ያለው በዚህች 17 ሰከንድ ውስጥ ነው።

የድሮው ነፍጥ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ተኳሹ ባሩድ በአፈሙዙ ያፈስሳል፤ አረሩን ይከትታል፤ በዘንግ ይጠቀጥቀዋል። ከዚያ በሚጤስ ክር ባሩዱን ይለኩሳል። ይኼ ሁሉ አንዳንዴ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ዝናብ ከመጣ ክሩ ይጠፋል፤ ባሩዱም ይረጥባል። በዚያ ላይ ከመቶ ሜትር ወዲያ ያለን ሰው መምታት የዕድል ጉዳይ ነው። ስለዚህ ነፍጠኛው አንዴ ተኩሶ ሲስት የአጎቴ ልጅ በ17 ሰከንድ አናቱ ላይ ይደርሳል። ነፍጠኛው ያን ጊዜ ገና ባሩድ እያፈሰሰ ነው።

ጎራዴ ዘመኑን ሁሉ የኖረው እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው፤ በአንደኛው ተኩስና በሁለተኛው ተኩስ መካከል። እዚያች ክፍተት ላይ የሚሮጥ ሰው ሞኝ ሳይሆን ሰዓት የሚያውቅ ሰው ነበር።

ነፍጥ ወደ አገራችን በብዛት የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በኢማም አህመድ ጦርነት ጊዜ ነው። ለኢማሙ የኦቶማን ቱርክ ነፍጠኞች ተላኩላቸው። ለንጉሠ ነገሥቱ ወገን ደግሞ በክርስቶፎሮስ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋሎች በ1533 ዓ.ም. ደረሱ። በ1534 ወፍላ ላይ የቱርኮቹ ነፍጥ በዛና ፖርቱጋሎቹ ተሸነፉ፤ ዳ ጋማም ተይዞ ተገደለ። በ1535 ደግሞ ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ ራሳቸው በጥይት ወደቁ። ነፍጥ የጦርነትን ዕጣ መወሰን የጀመረው ያኔ ነው። ዛሬ ብዙ የምንጨቃጨቅበት «ነፍጠኛ» የሚለው ቃልም መነሻው ይኸው ነው፤ ነፍጥ ያዥ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ነፍጥ ስለገባ ጎራዴ አልወጣም። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሑል በነፍጠኞቻቸው ብዛት ጎንደርን ያንቀጠቀጡ ሰው ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በዘመኑ እዚያው ነበር። በ1763 ዓ.ም. ሰርባኩሳ ላይ በተደረጉት ውጊያዎች ማብቂያ ግን ራስ ሚካኤል ያን ሁሉ ነፍጥ ይዘው እጅ ሰጡ። ክፍተቱ አሁንም ሰፊ ነበር፤ ፈረሰኛና ባለ ጎራዴ አሁንም ይገባበት ነበር።

ክፍተቱ በአንድ ጊዜ የጠበበው ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ነው። መቅደላ ሥር፣ አሮጌ በሚባለው ሜዳ የአፄ ቴዎድሮስ ጦር በፊታውራሪ ገብርዬ እየተመራ ቁልቁል ወረደ። ከፊቱ የቆሙት እንግሊዞች የያዙት በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ አልነበረም። ከኋላው የሚጎርስ፣ ባሩዱና አረሩ በአንድ ቀለሃ የታሸገለት አዲስ መሣሪያ ነበር። እኛ በኋላ «ስናድር» ያልነው ነው።

እስቲ ከአጎቴ ልጅ ጋር እናስላው። ስናድር በደቂቃ አሥር ጊዜ ያህል ይተኩሳል፤ ማለትም በየስድስት ሰከንዱ። ግማሽ ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሰውም ይመታል። ግማሽ ኪሎ ሜትር ጋሻና ጎራዴ ይዞ ለመሮጥ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል እንበል። አንድ እንግሊዛዊ ወታደር በዚያ ጊዜ ውስጥ 20 ጥይት ይተኩስብሃል። በዚያ ቀን ከቴዎድሮስ ወገን 700 ያህል ሰው ሞተ፤ ገብርዬም እዚያው ወደቀ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ገደማ ነበሩ፤ ከእነሱም ሁለቱ በኋላ ሞቱ። በጀግንነት ተበልጠው አይደለም። ክፍተቷ ጠፍታ ነው።

ትምህርቱን ቶሎ የያዙ ነበሩ። ደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ፣ እንግሊዞች ሲወጡ ትተውላቸው የሄዱትን መሣሪያ ይዘው ሐምሌ 1863 ዓ.ም. አሳም ላይ ከአፄ ተክለ ጊዮርጊስ ጋር ገጠሙ። 12 ሺህ ለ60 ሺህ ነበር ይባላል። ያሸነፉት 12 ሺዎቹ ናቸው።

ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ ጠመንጃ ፈላጊ ሆነ። ሽማግሌዎቻችን የሚጠሯቸውን የመሣሪያ ስሞች ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? «ውጅግራ» የፈረንሳዮቹ «ፉዚል ግራ» ነው። «ምንሽር» የኦስትሪያው ማንሊከር፣ «አልቤን» አልቢኒ ነው። «ቤልጅግ»ን መተርጎም አያስፈልግም። የአውሮፓ ፋብሪካዎች የሚያራግፉት ያረጀ መሣሪያ እዚህ ሲደርስ የአማርኛ ስም እያወጣ የቤተሰብ ቅርስ ሆነ። ጥይት ራሱ በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ የሚሠራበት ጊዜም ነበር።

በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የኛ ሰው ጎራዴና ጦር ብቻ ይዞ እንዳልሄደ ብዙዎቻችን እንረሳለን። የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ የሄደው ሠራዊት አብዛኛው ጠመንጃ ታጥቆ ነበር። ጎራዴው የሠራው በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ነው። ለማወዳደር ያህል ጎረቤታችን ሱዳንን ተመልከቱ። በ1890 ዓ.ም. ኦምዱርማን ላይ የማህዲስቶች ጦር በደቂቃ 500 ጊዜ በሚተኩስ መትረየስ ላይ ሮጠ። በአንድ ጠዋት ከ10 ሺህ በላይ ሰው ሲረግፍ ከእንግሊዝና ከግብፅ ወገን የሞተው 50 አይሞላም።

አሁን ወደ ግድግዳው ጎራዴ ልመለስ።

ቅድመ አያቴ በ1928 ዓ.ም. የዘመቱት ከጎጃም ገዥው ከራስ እምሩ ጦር ጋር ነው። ውጅግራ ይዘዋል፤ ጥይቷ ግን በጣት የምትቆጠር ነበረች ይላሉ አያቴ። ታኅሣሥ ላይ ሽሬ በኩል፣ ደምበጉይና መተላለፊያ ላይ የጣሊያን ታንኮች መጡባቸው። ትንንሽ ታንኮች ነበሩ፤ መትረየሳቸው ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይዞርም። የእምሩ ሰዎች ይቺን አዩ። ከጎንና ከኋላ እየዘለሉ ታንኮቹ ላይ ወጡ፤ ውስጥ ያሉትንም በጎራዴ ጨረሷቸው። ክፍተቷን እንደገና አገኟት ማለት ነው። ጎራዴ ታንክ ያሸነፈበት ቀን ነበር።

ደስታው ከአሥር ቀን አላለፈም። ታኅሣሥ 13 ቀን ተከዜ ዳር ላይ አውሮፕላን መጣ። የጣለው እንደ ቦምብ የሚፈነዳ ነገር አልነበረም፤ መሬት ላይ ሲወድቅ የሚረጭ ፈሳሽ እንጂ። የነካውን ቆዳ አቃጠለ፤ ዓይን አጠፋ። የመርዝ ጋዝ ነው። ቅድመ አያቴ እስኪሞቱ ድረስ የግራ እጃቸው ቆዳ የተጨማተረ ነበር አሉ።

«አባቴ ስለታንኩ አያወራም ነበር» አሉ አያቴ በዚያ ምሽት፣ ሳንጠይቃቸው። «ስለሱ ሰው ነው የሚያወራልን። የሚያወራው ስለአውሮፕላኑ ነው። 'ሰውየውን አላየሁትም' ይላል። 'እሱም አላየኝም።' ሁልጊዜ ይህችኑ ነው የሚላት።»

የተረፉት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሌላ ዘዴ ያዙ። በላይ ዘለቀ ከቢቸና እስከ ዓባይ በረሃ አምስት ዓመት የተዋጉት በሜዳ እየሮጡ አይደለም። ሌሊቱን፣ ገደሉንና ደፈጣውን ክፍተት አድርገው ነው። ጠላት ሩቅ የሚተኩስ መሣሪያ ቢኖረውም ቅርብ ከመጣህበት ጥቅሙ ይቀንሳል። በደምበጉይና የታየውም ይኸው ነበር።

አውሮፕላን ግን ተመልሶ መጣ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን የተቃወመው የሞጣና የቢቸና ገበሬ ያረጀ ጠመንጃውን ይዞ ሲነሳ መንግሥቱ አውሮፕላን ላከበት። አያቴ ያኔ ልጅ አዝለው ከጤፉ ማሳ ውስጥ መተኛታቸውን ያስታውሳሉ። በዚህ ጊዜ የላከው ጣሊያን አልነበረም።

ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ጦርነት ወዴት እንደሄደ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ቪዲዮው ስልካችሁ ላይ ይመጣላችኋል። ድሮን የሚያበር ሰው የሚያየው እናንተ አሁን ይህን የምታነቡበትን የመሰለ ስክሪን ነው። መቶ ሜትር በስንት ሰከንድ እንደምትሮጡ አያሳስበውም።

ጎራዴ ደግ ነበር እያልኩ አይደለም። ጎራዴም ሰው ይቆርጣል፤ የቆረጠውን ቤተሰብም ያስለቅሳል። የሚገድል ሰው ግን የሚገድለውን ፊት ያይ ነበር፤ እሱም እዚያው መሞት ይችል ነበር። የመሣሪያው ታሪክ ሁሉ ያንን ርቀት የማራዘም ታሪክ ነው። በራዘመ ቁጥር መግደል ቀለለ።

የአጎቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ ዝም አለ። ከዚያ ጎራዴውን በኩታ ጠራረገና ቦታው ሰቀለው። ቪዲዮውን ግን ለጠፈው፤ ልጅ ነዋ! ሽለላውን አጥፍቶታል። ከሥሩ የጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «17 ሰከንድ»።

አስተያየት ሰጪዎቹ ሁሉ «ምን ማለት ነው?» እያሉ ይጠይቁታል። አንድ በአንድ እየመለሰላቸው ነው።

እናንተም ቤት የተሰቀለ ጎራዴ ወይም ያረጀ ውጅግራ ካለ ከማውረዳችሁ በፊት ማን ይዞት የት እንደሄደ፣ ምን አይቶ እንደተመለሰ ጠይቁ። የሚያውቁት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል።