የመስክ አበባ፣ ጎረቤቱና አፈሩ



የሣር ምድርን ስንመለከት ዓይናችን የሚያርፈው ከመሬት በላይ ባለው ላይ ነው። የትኛው ዝርያ እንደሚበዛ፣ የትኛው እንደሚጠፋ ግን በእጅጉ የሚወሰነው ከሥር ነው። ይህንንም የአንድ ቤተሰብ አባላት በሆኑ ሁለት ዕፀዋት አማካይነት አስረዳለሁ፤ አንዷ በአውሮፓ መስኮች የምትፈለግ አበባ ናት፤ ሌላው የማሽላ ገበሬያችን ጠላት የሆነው አቀንጭራ ነው።

የመጀመሪያዋ በሳይንሳዊ ስሟ ራይናንተስ ማይነር ትባላለች። ቢጫ አበባ የምታወጣ፣ ዕድሜዋ አንድ ዓመት የሆነ ተክል ናት። ቅጠሏ አረንጓዴ በመሆኑ ምግቧን በከፊል ራሷ ታዘጋጃለች፤ ውኃና ማዕድን ግን በጎረቤቶቿ ሥር ላይ በሚጣበቅ መምጠጫ አካል ትወስዳለች። አብዝታ የምትጎዳው ሣሮችንና የአተር ቤተሰብ የሆኑ ተክሎችን ነው። ጎርተብ ግን መምጠጫው ወደ ሥሩ እንዳይዘልቅ ይከላከላል። ስለዚህ ኃይለኛው ሣር ሲዳከም ብርሃንና ቦታ ይለቀቃል፤ በሣሩ ተውጠው የነበሩ አበቦችም ያቆጠቁጣሉ። በእንግሊዝና በዌልስ ከ1930ዎቹ ወዲህ በዝርያ የበለጸጉ የቆላ መስኮች 97 በመቶ ያህሉ ጠፍተዋል፤ መስኮቹን መልሰው የሚያቋቁሙ ባለሙያዎችም ይህችን ጥገኛ ሆን ብለው ይዘሯታል። ማዳበሪያ በበዛበት አፈር ግን ሣሩ ፈጥኖ አድጎ ቡቃያዋን ስለሚጋርዳት እምብዛም አትሳካም።

አቀንጭራ ከዚህ ይለያል። እንደ ትቢያ የደቀቀው ዘሩ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚነቃውም ከማሽላው ሥር የሚወጣው ስትሪጎላክቶን የተባለ ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ታዲያ ተክሉ ጠላቱን ለምን ይጠራል? መልሱ በ2005 በጃፓን ተመራማሪዎች ተገለጠ። ኬሚካሉ ፎስፈረስ ለተክሉ የሚያቀርቡ የማይኮራይዛ ፈንገሶችን የሚጠራ ምልክት ነው። አቀንጭራ ለሌላ የተላከን ጥሪ ሰምቶ ይመጣል። ፎስፈረስ ያጣ ሥር ጥሪውን ስለሚያበዛ፣ የተራቆተ ማሳ ለአቀንጭራ ይበልጥ ይጋለጣል። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጄታ አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን ያወጡት፣ ሥራቸው ይህን ቀስቃሽ ኬሚካል በጥቂቱ ብቻ የሚለቅ ማሽላን በመጠቀም ጭምር ነው።

የጎረቤትን ተጽዕኖ ከአፈር ተጽዕኖ የምንለየው እንዴት ነው? ተክሉን ለብቻውና ከጎረቤት ጋር፣ የራሱ ዝርያ በቆየበትና ሌላ ዝርያ በቆየበት አፈር፣ እንዲሁም ረቂቅ ሕዋሳቱ በሙቀት በተወገዱበት አፈር አብቅለን ዕድገቱን እናነጻጽራለን። በሙቀት በታከመው አፈር ዕድገቱ ከቀነሰ ረዳቶቹን አጥቷል ማለት ነው፤ ከጨመረ ደግሞ ከጠላቶቹ ተገላግሏል። ሙቀት የአፈሩን ንጥረ ነገርም ስለሚለውጥ ግን ከሕያው አፈር ጥቂት መልሶ የተጨመረበት ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል።

መምጠጫ አካል በሁለቱም ዘንድ አለ። ሆኖም አንዷ መስክን ታበለጽጋለች፣ ሌላው ጎተራን ያራቁታል። እንግዲህ ተማሪዎቼ፣ መስከረም ሲጠባ አደይ አበባን ስትመለከቱ ከአጠገቧ ያለው ማን እንደሆነ፣ ሥሯስ ከምን አፈር ጋር እንደሚነጋገር ጠይቁ።