ያውቁ ኖሯል? ረጅሙን ልጅ የት እናሰልፈው?

አገሬው «ፉቲ» በሚለው የአውስትራሊያ ፉትቦል እያንዳንዱ ቡድን ሞላላ ሜዳ ላይ 18 ተጫዋች እንደሚያሰልፍ ያውቁ ኖሯል? በግራና በቀኝ ጫፍ አራት አራት ቋሚ አለ። ኳሱ በእግር ተመትቶ በሁለቱ ረጃጅም ቋሚዎች መሃል ካለፈ 6 ነጥብ፣ በጎን በኩል ከሾለከ 1 ነጥብ ብቻ ነው።

ለረጅም ልጅ በዋናነት ሦስት ቦታ አለ። ከፊት አጥቂ፣ ከኋላ ተከላካይ፣ አለዚያም ዳኛው ኳሱን ወደ ላይ ሲለቀው ዘሎ ለጓደኞቹ የሚያወርደው «ራክ»። የትኛው እንደሚሆነው በሜትር አይለካም።

ሁለቱ ራኮች ከሩቅ ተንደርድረው አየር ላይ ሲጋጩ ጉልበታቸው እየተጎዳ ስላስቸገረ፣ የስፖርቱ ዋና ሊግ በ2005 መንደርደሪያቸውን 10 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ መገደቡንስ ያውቁ ኖሯል?

የፍሪማንትሉ አሮን ሳንዲላንድስ 211 ሴንቲ ሜትር ነበር። ቢሆንም ወደ ሊጉ የገባው ክለቦች አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት ዋና ምርጫ ሳይሆን በጀማሪዎች ዝርዝር በኩል ነው። ቁመት በር ያስከፍታል ያለ ሁሉ ይህን ይስማ።

ዳርሲ ሙር ደግሞ የታሪኩ ጥሩ ክፍል ነው። አባቱ ፒተር ሙር የሊጉን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት፣ ብራውንሎ ሜዳሊያን፣ በ1979 እና በ1984 የወሰደ ራክ ነበር። ልጁን ኮሊንግዉድ በ2014 ምርጫ በ9ኛ ቁጥር ሲወስደው ሁሉም አጥቂ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። እሱም መጀመሪያ ከፊት ተሰለፈ። እውነተኛ ቦታውን ያገኘው ግን ወደ ኋላ ከተመለሰ በኋላ ነው። በ2023 አምበል ሆኖ ቡድኑን ለዋንጫ አበቃ።

ለምን ከኋላ? እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ቀላል ነው። አጥቂ የመጣለትን ኳስ በእጁ ጨብጦ ማስቀረት አለበት፤ ተከላካይ ግን በቡጢ ቢያርቀውም ሥራውን ሠርቷል። ገና እጁ ላልጠና ረጅም ልጅ ሁለተኛው ሥራ ይቀለዋል። አሰልጣኞች ልጁን ገና በ19 ዓመቱ ጎል ካላመጣህ እያሉ ሲያስጨንቁት ማየት ያሳዝናል።

ከኋላ ቦታውን ያገኘው ሙር ብቻ አይደለም። ካርቱም የተወለደው ማጃክ ዳው በ2013 በሊጉ የተጫወተ የመጀመሪያው የሱዳን ተወላጅ ሆነ፤ በመጀመሪያ ምቱም ጎል አገባ። በ2018 ኖርዝ ሜልበርን ወደ ተከላካይነት አዛወረው። በኬንያው ካኩማ የስደተኞች ጣቢያ የተወለደው አሊር አሊርስ? በ2021 በፖርት አደሌድ ማሊያ ተከላካይ ሆኖ በዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ ተካቷል።

የሜልበርኑ ራክ ማክስ ጎን በወጣትነቱ ጉልበቱን ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ በ2021 በግማሽ ፍጻሜ አምስት ጎል እንዳገባ፣ ከዚያም እንደ አምበል የ57 ዓመቱን የዋንጫ ጥም እንዳረካ ያውቁ ኖሯል?

አሜሪካዊው ሜሰን ኮክስ ከዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ የመጣ፣ ፉቲን በ2014 የተዋወቀ ነው። በ2016 የመጀመሪያ ጨዋታው ጎል አገባ፤ በ2023 ሻምፒዮን ሆነ።

የ3,000 ሜትር መሰናክል ሯጩ ማርክ ብሊካቭስ 198 ሴንቲ ሜትር ቁመቱን ይዞ ጂሎንግ ሲገባ ማንም ቦታውን አያውቅም ነበር። ራክ፣ አማካይ፣ ክንፍ፣ ተከላካይ፣ ሁሉንም ሞከረ። የክለቡን የዓመቱ ምርጥ ሽልማት በ2015 ወሰደ፤ በ2018 ደግሞ ተከላካይ ሆኖ ደገመው።

195 ሴንቲ ሜትሩ ፓትሪክ ክሪፕስ ከሦስቱም ቦታ የለም። የካርልተን አማካይ ነው፤ በ2024 ብራውንሎን በ45 ድምፅ፣ በክብረ ወሰን ወሰደ።

በዚያው ዓመት የጎልድ ኮስቱ ተከላካይ ማክ አንድሩ በኤሰንደን ላይ ወደ ፊት ተልኮ፣ የጨዋታው ማብቂያ ሳይረን ከጮኸ በኋላ በመታው ጎል ቡድኑን በ1 ነጥብ አሸናፊ አድርጎታል።