ክትፎ፣ ታርታርና በርገር፦ የስቡ ነገር

ፓሪስ ውስጥ አንድ ሰው ቢስትሮ ገብቶ ታርታር ሲያዝ የሚቀርብለት ጥሬ የበሬ ሥጋ ነው፤ በደቃቁ ተከትፎ፣ ሽንኩርትና ሰናፍጭ ገብቶበት፣ ከላይ ጥሬ የእንቁላል አስኳል ተቀምጦበት። አዳማ ያደገ ሰው ይህን ቢያይ አይደነግጥም። ምናልባት "ቅቤውስ?" ብሎ ይጠይቅ ይሆናል።

ጥያቄው ደግሞ ትክክል ነው! ክትፎ፣ ታርታርና በርገር ሦስቱም የበሬ ሥጋ ናቸው፤ ዋናው ልዩነታቸው ስቡ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። የጉራጌ ክትፎ ከቀይ ሥጋ ይጀምራል። ጅማቱና ሞራው ተለቅሞ ይወጣል፣ ስቡ በኋላ በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ ቅቤ ሆኖ ይመለሳል። ታርታር ከአስኳሉ ያገኛል። በርገር ግን ከውጭ የሚደርስለት የለም፤ መጥበሻ ላይ እንዳይደርቅ ስቡ ከሥጋው ጋር አብሮ መፈጨት አለበት። የበርገር አዋቂዎች ከአምስት እጅ አንዱ ስብ ይሁን የሚሉት ለዚህ ነው።

እንግዲህ በየካፌው "ስፔሻል በርገር" አዛችሁ ደረቅ ሥጋ ከገጠማችሁ ምክንያቱን አወቃችሁት። ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ከመቂ ትኩስ ትኩሱን ይመጣል፣ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ችግሩ ሥጋው ነው፤ ሣር በልቶ ያደገ በሬ ታፋው ብዙ ስብ የለውም።

መፍትሔው ደግሞ ሥጋ ቤት ውስጥ ተሰቅሏል። ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ ዘንድ ጎራ በሉ። ነጭ ጋዋን የለበሰው ቆራጭ ጣታችሁን በዓይኑ እየተከተለ ይጠብቃል፦ "ከሽንጡ ግማሽ ኪሎ፣ ከዳቢቱ ትንሽ፣ ሻኛም ጣል አርግበት።" ሻኛ! ነጭና ቀይ የተሰበጣጠረው የበሬው ጉብታ። የፈረንጅ ከብት ይህ የለውም፣ የቦረና በሬ አለው። በርገር ቤቶቻችን ለምን ከቀዩ ሥጋ ጋር እንደማይፈጩት አይገባኝም።

ስለ ጥሬው ደግሞ ስሙኝ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው ጥሬ ሥጋ ሲበላ ማየቱን እ.ኤ.አ. በ1790 በታተመው መጽሐፉ ሲጽፍ ብዙ አንባቢዎቹ ውሸታም አሉት። ዛሬ የእነዚያ አንባቢዎች የልጅ ልጆች ታርታር በውድ ዋጋ ይበላሉ።

የጥሬ ሥጋ አደጋ ግን ለሁሉም ዓይነት እኩል አይደለም። ንጹሕ ሙዳ ላይ ባክቴሪያ ካለ በአብዛኛው ያለው ከላይ ከላይ ነው። መፍጫ ውስጥ ሲገባ ግን የውጩ ወደ ውስጥ ይደባለቃል፤ መፍጫው የትናንቱን ትርፍ ከያዘ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ በደንብ ባልበሰለ በርገር ከ700 በላይ ሰዎች ታመው 4 ሕፃናት ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ነው የተፈጨ ሥጋ መሃሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይብሰል የሚለው ምክር ጠበቅ ያለው። ክትፎም ቢሆን ካዘዛችሁ በኋላ ከሙዳው ተቆርጦ በቢላ ሲከተፍ ነው የሚሻለው።

የኮሶ ትል ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የትሉ እጭ የሚቀመጠው በሥጋው ውስጥ ስለሆነ ቢላም አያድንም። ሚጥሚጣ፣ ሎሚ ወይም አረቄ ይገድለዋል የሚባለውም ወሬ ነው። የሚገድለው ማብሰል ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ 10 ቀን ማቆየት ነው፤ ቄራ ውስጥ የእንስሳት ሐኪሙ ምላሱን፣ ልቡንና የመንጋጋውን ሥጋ ሰንጥቆ የሚያየውም እሱን ፍለጋ ነው።

ስለዚህ ቁርጥ ወይም ጥሬ ክትፎ ካማራችሁ የቄራ ማኅተም ያለበትን ሥጋ ምረጡ፣ ከጠረጠራችሁ "ለብለብ" ሳይሆን በደንብ የበሰለ እዘዙ። በርገሩን ደግሞ ከመጉረሳችሁ በፊት መሃሉን ከፈት አድርጋችሁ እዩት፤ ጥሬ ከሆነ ሳታፍሩ መልሱት።