ጤና ጣቢያን ማን ይመረምራል? የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ቁጥጥር በሐይቅና በአምባሰል



በሌላው ዓለም «የቤተሰብ ሐኪም» ሲባል ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው፣ ሕመምተኛውም ከሁሉ አስቀድሞ ደጁን የሚረግጠው ሐኪም ነው። በአገራችን ሙያው ገና ለጋ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቤተሰብ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና የጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሐይቅም ሆነ በአምባሰል ወረዳ መቀመጫ በውጫሌ፣ ሕመምተኛውን በቅድሚያ የሚቀበሉት በአብዛኛው ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና አዋላጇ ናቸው፤ ቤታቸውም ጤና ጣቢያ ወይም የግል ክሊኒክ ነው። ዛሬ የምንጠይቀው እነዚህን ቤቶች ማን ይመረምራል፣ መርማሪውስ ምን ያያል የሚለውን ነው።

አዋጅ ቁጥር 661/2002 ምግብን፣ መድኃኒትን፣ የጤና ባለሙያንና የጤና ተቋምን በአንድ የፌዴራል ባለሥልጣን ሥር ሰብስቦ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ባለሥልጣኑን በዋናነት በምግብ፣ በመድኃኒትና በሕክምና መሣሪያ ወሰነው፤ የተቋማትና የባለሙያዎች ቁጥጥር የጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና መዋቅሮች ድርሻ ሆነ። መለኪያው ደግሞ የጤና ተቋማት ዝቅተኛ መስፈርት ነው። መስፈርቱ እያንዳንዱን አገልግሎት በአራት ነገር ይመዝናል፦ በአሠራር፣ በሕንፃ፣ በባለሙያና በቁሳቁስ።

ከአራቱ ሦስቱ በዓይን ይቆጠራሉ። ክፍሎቹ ስንት ናቸው? ባለሙያው ፈቃዱን አሳድሷል? አልጋው አለ? አሠራር ግን እንዲህ አይቆጠርም። የክትባት ማቀዝቀዣን እንውሰድ። ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት፤ በቀን ሁለት ጊዜም ይመዘገባል። ተቆጣጣሪው «ማቀዝቀዣ አለ» በሚለው ሣጥን ምልክት አድርጎ ቢያልፍ ምንም አላየም። መዝገቡን ገልጦ የወሩ ቁጥር ሁሉ «4» ሆኖ፣ ቀለሙም አንድ ሆኖ ቢያገኘው፣ መብራት በጠፋባቸው ቀናት እንኳ መርፌው ንቅንቅ አላለም ማለት ነው! እንዲህ ያለው ገጽ የተሞላው ምናልባት በዚያው ጠዋት ነው። የሕክምና መሣሪያ ማምከኛም እንዲሁ ነው፤ መሣሪያው መኖሩን ከማየት ይልቅ የምትሠራበትን ባለሙያ «የተጠቀለለውን ዕቃ ስንት ደቂቃ ታቆዪዋለሽ?» ብሎ መጠየቅ የበለጠ ያስተምራል። በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ ካለች አሠራሩን ታውቃለች።

ከዚህ የከበደው ችግር የተቆጣጣሪው ወገን ነው። ጤና ጣቢያውን የሚያስተዳድረው የመንግሥት ጤና መዋቅር ነው፤ ተቆጣጣሪውም የሚመጣው ከዚያው መዋቅር ነው። ውኃ የሌለው የግል ክሊኒክ ሊታሸግ ይችላል፤ ውኃ የሌለውን ጤና ጣቢያ ማሸግ ግን የራስን በጀት ጉድለት በአደባባይ መፈረም ነው። በእንግሊዝ የቤተሰብ ሐኪሞችን ቤት የሚመረምረው የክብካቤ ጥራት ኮሚሽን ከአገልግሎት ሰጪው የተለየ ተቋም ነው፤ ውጤቱንም ለሕዝብ ያወጣል። ያንን ሥርዓት እንዳለ እንቅዳ ማለቴ አይደለም፤ በዚያም ሐኪሞች በወረቀት ሥራ ብዛት ያማርራሉ። ውጤትን በጤና ጣቢያው በር ላይ መለጠፍ ግን አዲስ ኮሚሽን አይጠይቅም።

ማሸግ በራሱ መድኃኒት አይደለም። በአምባሰል ደጋ ቀበሌ ያለችው አንዲት ክሊኒክ ስትዘጋ፣ ምጥ የያዛት እናት ቁልቁለቱን ወርዳ ውጫሌ መድረስ ይኖርባታል። ስለዚህ ሕይወትን ወዲያው ለአደጋ የሚያጋልጥ ጉድለትና ጊዜ ሊሰጠው የሚችል ጉድለት በአንድ ሚዛን መመዘን የለባቸውም። ያልመከነ መሣሪያ ዛሬውኑ ሥራ ያስቆማል፤ የተሰነጠቀ ወለል ግን ሦስት ወር ሊጠብቅ ይችላል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ ሲዘልቅ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋልም። በመቆጣጠሪያው ቅጽ ላይ ግን የተዘረፈ ማይክሮስኮፕና በቸልታ የተበላሸ ማይክሮስኮፕ ሁለቱም «የለም» ተብለው ይጻፋሉ። እኔ በቅጹ ላይ ሦስት ዓምዶች እንዲጨመሩ እጠይቃለሁ፦ ጉድለቱ ከምን መጣ፣ የማሟላቱ ኃላፊነት የማን ነው፣ ተቆጣጣሪውስ ተመልሶ የሚያየው በየትኛው ቀን ነው። ሁለተኛው ዓምድ የወረዳውን ስም የሚያጽፍበት ጊዜ ብዙ ይሆናል፤ ውይይታችንንም ከዚህ ብንጀምር ደስ ይለኛል።